አብራሪዋን እሺ ማሰኘት

(በመጋረጃ ለሁለት የተከፈለች ጠባብ ሱቅ። በአንዱ ወገን ስልክ ጠጋኝ፣ በሌላው ልብስ ሰፊ ይሠራሉ። ቀኑ እየመሸ ነው። ጠጋኙ የፈታታቸውን ስልኮች በክርኑ ገፍቶ፣ ጆይስቲክ ጨብጦ፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ጌም ላይ አፍጥጧል። ሰፊው ከውጭ ገብቶ ከኋላው ቆሟል።)

ጠጋኙ፦ አረንጓዴ ነች አልኩህ እንጂ ታማለች መቼ አልኩህ?

ሰፊው፦ ሰው እንዲህ የሚሆነው ሐሞቱ ሲታመም ነው ብዬ ነው።

ጠጋኙ፦ ሰው አይደለችም። የጠፈር መርከቤ አብራሪ ነች። በአገሯ ሁሉም ሰው አረንጓዴ ነው።

ሰፊው፦ አሁን ሰው አይደለችም አላልክም?

ጠጋኙ፦ ተወው፣ አይገባህም።

ሰፊው፦ እሺ። ጤነኛ ከሆነች ደግ ነው። እኔማ የመጣሁት የላክኸኝን ልነግርህ...

ጠጋኙ፦ ቆይ አንዴ፣ እዚህ ጥግ ላይ ያለው የልቧ ምልክት ሊሞላልኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠጋኙ ከመንገዱ ማዶ ያለችውን ፋርማሲስት ከወደዳት ሰንብቷል። መውደዱን የሚያውቁት ራሱ፣ ሰፊውና የጠፈር መርከቡ ሠራተኞች በሙሉ ናቸው። ዛሬ ግን ወገቡን ታጥቆ ተነሣ። አንድ የስልክ ከቨር በሚያብረቀርቅ ወረቀት ጠቀለለና «ላገባሽ እፈልጋለሁ፣ ምን ትያለሽ?» የሚል ቃል ጨምሮ ሰፊውን ላከው። ራሱ ያልሄደው ፈርቶ እንዳይመስላችሁ። በጦርነት ዋዜማ መርከቡን ጥሎ የሚሄድ አዛዥ የት ይገኛል? እንግዲህ ሰፊው መልሱን ይዞ ተመልሷል። ችግሩ ንግግሩም እንደ ስፌቱ ነው፤ ከጠርዙ ሳይነሣ መሀል አይገባም።

ሰፊው፦ ከዚህ ወጣሁ። መንገዱን ልሻገር ስል አንድ አሸዋ የጫነ መኪና...

ጠጋኙ፦ መኪናውን ተወው። ከቨሩን ተቀበለች?

ሰፊው፦ ተቀበለች። ከዚያ መሳቢያዋን ከፍታ...

ጠጋኙ፦ በቃ፣ አለቀ። ስጦታ ከተቀበለች ልቧ አንድ ደረጃ ከፍ ብሏል ማለት ነው።

ሰፊው፦ የሞላውስ መሳቢያው ነው። ስልኳ አንድ፣ ከቨሩ ግን ለዘመድ አዝማድ የሚተርፍ። ቀዩ፣ አበባ ያለበት፣ ጥንቸል ያለበት...

ጠጋኙ፦ አየህ? አንዱንም አልጣለችም።

ጠጋኙ ወንበሩን አዙሮ ሰፊውን በእዝነት አየው። አርባ ዓመት ሊሞላው ምንም ያልቀረው ሰው፣ አፉ ውስጥ ስፒል ደርድሮ የሰው ሱሪ ሲያሳጥር የሚውል፣ ስለ ሴት ልብ ምን ያውቃል? እሱ ግን ተመራምሯል። የመርከቧን መካኒክ በሦስት ስጦታ ማርኳል። ሐኪሟ ገና በሁለተኛው ፕላኔት ላይ እጇን ሰጥታለች። ወለል የሚጠርገው ሮቦት እንኳ አንድ ቀን ዓይን ዓይኑን እያየ ስሙን ጠርቶታል። ይህን ሁሉ አፉን ሞልቶ አስረዳው። ሰፊው ሮቦቱን ለጋብቻ አስቦት እንደሆነ ጠየቀ፣ ጠጋኙም ለልምምድ ነው አለ። ሰፊው ራሱን ነቀነቀና ወደ ፋርማሲው ነገር ሊመለስ አፉን ከፈተ።

ጠጋኙ፦ መጀመሪያ ተማር። እምቢ ያለችኝ ይቺ አብራሪ ብቻ ነች። እሷን እሺ ካሰኘሁ ማዶ ያለችው እዳዋ ገብስ ነው። እየው፣ አሁን ወደ ክፍሌ ትገባለች። ትናገራለች። እኔ ይቺን ቁልፍ እየተጫንኩ ንግግሩን አሳልፈዋለሁ። መጨረሻ ላይ ሦስት መልስ ይመጣል፣ ከነሱ ጀግናውን እመርጣለሁ።

ሰፊው፦ የምትናገረውን ሳትሰማ?

ጠጋኙ፦ ንግግሩ ማስዋቢያ ነው። ዋናው መልሱ ነው።

(አብራሪዋ ትገባለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ የጠጋኙ አውራ ጣት ከከንፈሯ ትፈጥናለች። ሦስት መልሶች ይመጣሉ። ጠጋኙ «ጎህ ሳይቀድ የጠላትን መርከብ ከነሰዎቹ አመድ አደርገዋለሁ!» የሚለውን ይመርጣል። አብራሪዋ ፊቷን ሸፍና ትወጣለች። የልቧ ምልክት ባዶ ይሆናል።)

ጠጋኙ፦ ይኸው ደግሞ! ጌሙ ችግር አለበት።

ሰፊው፦ ወንድሟ ነዋ።

ጠጋኙ፦ የምን ወንድም?

ሰፊው፦ ጠላት መርከብ ላይ የታሰረው። ምሳ ልትበላ ስትወጣ ንግግሯ ላይ አቁመኸው ሄድክ። እኔም ሱሪ እየዘመዘምኩ ቀስ ብዬ አነበብኩት። «ታናሽ ወንድሜ እዚያ ውስጥ ነው፣ እናቴ አደራ ብላኛለች» ትላለች። አንተ ደግሞ ከነሰዎቹ አመድ አደርገዋለሁ ትላታለህ። ምን ትበልህ ታዲያ?

ጠጋኙ ሳቀ። ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነበር። ለጀማሪ የተጻፈ ነገር ነው፣ የገባው ሰው አያነበውም አለ። ሰፊው የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ቢለው፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ጌሙን ወደ ኋላ መለሰ። ከዚያም ተንኮል መጣለት። ጆይስቲኩን ሰፊው እጅ ላይ አኖረና እስቲ አንተ ሞክራት አለው። እንደሚወድቅ አልተጠራጠረም፤ ሲወድቅ ደግሞ አፉን ይዘጋል።

(ሰፊው ወንበር ስቦ ይቀመጣል። እያንዳንዷን መስመር በጣቱ እየተከተለ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያነባል። ጠጋኙ ይቁነጠነጣል። በተከፈተው በር በኩል ማዶ ይታያል፤ ፋርማሲስቷ ደጅ ያለውን ሚዛን አንሥታ ወደ ውስጥ ትገባለች።)

ሰፊው፦ ልትዘጋ ነው መሰለኝ። የላከችልህን ልጨርስልህና...

ጠጋኙ፦ የያዝከውን ጨርስ። የእሷን አውቀዋለሁ።

ሰፊው፦ ቢያንስ ይቺን አንዲቷን ነገር...

ጠጋኙ፦ አሁን ያለነው ጠፈር ላይ ነው።

(ሰፊው ወደ ስክሪኑ ይመለሳል። «ወንድምሽን ሳንይዝ አንመለስም» የሚለውን ይመርጣል። አብራሪዋ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። ልቧ ሞልቶ ስክሪኑ በብርሃን ይጥለቀለቃል።)

ጠጋኙ፦ አሸነፍኩ!

(ጆይስቲኩን ይነጥቃል። አብራሪዋ ወደ አዛዡ ጠጋ ብላ አፏን ትከፍታለች። የጠጋኙ አውራ ጣት የለመደችውን ታደርጋለች። የፍቅሩ ትዕይንት አልፎ ጦርነቱ ይጀምራል።)

ሰፊው፦ ምን አለችህ?

ጠጋኙ፦ ያው... የሚባለውን ነው የምትለኝ።

ጣቱን ሊቆጣት ፈለገ፤ ግን ሰፊው ፊት ነው፣ አላደረገውም። ይልቅ ዓይኑን በጨው አጥቦ ድሉን የራሱ አደረገው፤ ያስተማርኩህን ነው የሠራኸው አለ። ደረቱም ተነፋ። አብራሪዋ እሺ ካለች ማዶ የሚያስፈራው ምን አለ? ስልኮቹን ወደ ቦታቸው መለሰ፣ ማበጠሪያ ከኪሱ አወጣ። እውነቱን ለመናገር ያቺን ሴት አጥብቆ ይወዳታል፣ ሌሊት ሌሊት የሚያባንነውም የእሷ እምቢ ማለት ነው።

ጠጋኙ፦ አሁን ንገረኝ። በአጭሩ። እሺ ነው ወይስ እምቢ?

(ሰፊው ከአንገቱ ሜትሩን አውርዶ ጠቅልሎ ያስቀምጣል። ኮቱን ከምስማሩ ያወርዳል።)

ሰፊው፦ እሺም እምቢም አላለችም። እንዲህ ነው ያለችኝ። «ስልኬ ድምፅ አያሰማም ብዬ ልነግረው ሱቁ ሄድኩ። ‹ድም› ስል ፈታው፣ ስክሪን ቀየረልኝ። ሌላ ቀን ሄድኩ። ገና ሰላም ስለው ባትሪ ቀየረልኝ። እስከ ዛሬ ስልኬ ድምፅ የለውም።»

ጠጋኙ፦ ድምፅ ነበር እንዴ?

ሰፊው፦ «ስመጣ በነጻ ይሠራልኛል፣ ከቨር ይሰጠኛል፣ ቸርነቱን አልክድም። መልኩም አይከፋኝም። ግን ከሰውዬው ጋር አንድ ዐረፍተ ነገር ጨርሼ አላውቅም። ዕድሜ ልኬን ግማሽ ግማሽ እያወራሁ ልኑር?»

ጠጋኙ፦ አይከፋኝም አለች?

ሰፊው፦ ልጨርስ። «ስለዚህ ይኼን አንድ ሳታስቀር ንገረው» አለችኝ። «አንተን እስከ መጨረሻው ካዳመጠህ፣ ሳልዘጋ ይዘኸው ና። እሱ ሰው ይሆናል ማለት ነው፣ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን።»

(ጠጋኙ ማበጠሪያውን ጥሎ ብድግ ይላል።)

ሰፊው፦ «እምቢ ካለ ደግሞ...»

ጠጋኙ፦ በቃ፣ ገብቶኛል! ይኼው አዳመጥኩህ፣ እንሂድ። አንተ ሰው፣ ይኼን ይዘህ ነው እስካሁን የቆምከው?

(ጠጋኙ ቀድሞ በሩ ላይ ይደርሳል። ማዶ ፋርማሲው ደጃፍ ላይ ፋርማሲስቷ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ቁልፍ በእጇ ይዛ ወደዚህ ትመለከታለች። ሰፊው የኮቱን ቁልፍ ከላይ ጀምሮ አንድ በአንድ እየቆለፈ ይመጣና በሩ ላይ ክንዱን ይይዘዋል።)

ሰፊው፦ መሀል ላይ አቋረጥከኝ እኮ።

ጠጋኙ፦ ምን ቀረ ደግሞ?

ሰፊው፦ «እምቢ ካለ ደግሞ፣ አንተ ስትናገር ደስ ትላለህና ብቻህን ና» ነው ያለችው።

(ሰፊው መንገዱን ግራና ቀኝ አይቶ ብቻውን ይሻገራል።)