ድንጋዩን ከነእርጥበቱ ለክቼ ያደረስኩት ጉዳት

ጓደኞች፣ የሠራሁትን ስታነቡ አንፎሎው ታደርጉኛላችሁ። ይገባኛል።

እንደምታውቁት ጂኦሎጂ ነው የማጠናው። የማስተርስ ጥናቴ ድንጋይን በአልትራሳውንድ መመርመር ነው። አዎ፣ እርጉዝ የምትታይበት ዓይነት!

በድንጋዩ በአንዱ ጎን ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ እልካለሁ፣ በሌላው ጎን እቀበላለሁ። ድምፁ ቶሎ ከደረሰ ድንጋዩ ድፍን ነው። ከዘገየ ውስጡ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው።

ቀላል ይመስላል አይደል?

ባለፈው ክረምት ስማዳ፣ እኛ ሰፈር፣ ከምንጩ በላይ ያለው ገደል እንዳይናድ ግንብ ሊሠራ ድንጋይ ተቆፍሮ ወጣ። ግንበኛው አያ ስመኘው በመዶሻ ኳ ኳ አድርገው ሰሙትና ውኃ የሚጠጣ ድንጋይ ነው፣ ከማዶው ሸንተረር እናምጣ አሉ።

ማዶው ሩቅ ነው። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

መሣሪያዬን አወጣሁ። ቁጥሩ ሲያምር፣ ድፍን ነው አለኝ!

«አያ፣ ጆሮ ይሳሳታል፤ ማሽን አይሳሳትም» አልኳቸው፣ በሰው ፊት። ሰው ሳቀ። እሳቸው በዚያው ድንጋይ ግንቡን ጀመሩ።

ድንጋዩ ግን ሳምንት ሙሉ ዝናብ ሲመታው የከረመ ነበር። ቀዳዳው ውኃ ሲሞላ ድምፁ ፈጥኖ ያልፋል፤ ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ድፍን ይመስላል። መጀመሪያ ማድረቅ ነበረብኝ።

ባለማወቅ ነው እንዳትሉኝ። አውቃለሁ። ሰው እያየኝ ስለነበር ቸኮልኩ።

ድንጋዩ ውኃ ሲጠጣና ሲደርቅ ከርሞ ተሰነጣጠቀ። ዛሬ ጠዋት አያ ስመኘው ሊጠግኑት ጎንበስ ባሉበት ግንቡ ተናደባቸው። ወገዳ ጤና ጣቢያ ድረስ በቃሬዛ ተሸክመን አመጣናቸው። ሐኪሙ ቀኝ እግራቸው ላይተርፍ ይችላል፣ ሆስፒታል ይሂዱ አለ።

ሚስታቸው እትየ የሺ ያን ድንጋይ ማን ደህና ነው እንዳለ ጠየቁ።

አያ ስመኘው ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው አዩኝ።

«እኔ ነኝ የመረጥኩት» አሏቸው።

እኔስ?

ስልኬን አወጣሁ።

አሁን አምቡላንስ እየጠበቅን ነው። እትየ የሺ አግዳሚው ላይ ከጎኔ ተቀምጠዋል፣ ባላቸውን ስለተሸከምኩ እያመሰገኑኝ። እኔ ስልኬ ላይ አቀርቅሬ ለእናንተ እጽፋለሁ።

ለማላውቀው ሰው ሁሉ ይህን የዘረገፍኩ ሰው፣ ዞር ብዬ ለእሳቸው አንዲት ቃል መናገር ምን ነው ያቃተኝ?