ለመዥገር የተላኩ ሽማግሌዎች

ሽማግሌ ለምን ለምን እንደሚላክ ታውቃላችሁ። ልጅ ለማጨት፣ ባልና ሚስት ለማስታረቅ፣ የተኮራረፈ ለማነጋገር። እኔ ግን እዚህ ቶሮንቶ በመዥገር ጉዳይ ተልኬ አውቃለሁ። መዥገሩም የከብት ቢሆን ባልከፋ፤ የኮዋላ ነው። ኮዋላ ማለት አውስትራሊያ ዛፍ ላይ ቅጠል እየበላ አብዛኛውን ቀን የሚያንቀላፋ፣ ጆሮው ጨብራራ እንስሳ ነው። እሱ ሲያንቀላፋ ታዲያ መዥገር ደሙን ይመጠምጣል፤ በዓይን የማትታይ የእከክ ተባይ ደግሞ ቆዳው ውስጥ ገብታ ትቆፍራለች። እንቅልፍ ተብሎ ሞቷል!

ይህን ያስተማረችን ቤዛ ናት፤ የእትዬ ዘርፌ አንድያ ልጅ። እዚሁ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ተባይ አጥንታ፣ የጫካ ኮዋላ ላይ እንድትመራመር አውስትራሊያ ተጠራች። እናትየው ዌስተን ሰፈር ካለው አፓርታማቸው ደወሉልኝ።

«ነርስ ትሆናለች ስል ለመዥገር ብላ ጥላኝ ልትሄድ ነው! ጋሽ ደምሴን ይዘህልኝ ና።»

አሳዘኑኝ። የፈሩት መዥገሩን ሳይሆን ብቻቸውን መቅረትን ነበር።

ጋሽ ደምሴ ከስደት በፊት ከብት ያረቡ ነበር። እነ እትዬ ዘርፌ ቤት እንደገባን ወንበር ላይ ተደላደሉና «ለመሆኑ ልጄ፣ ይሄ እንስሳ መዥገሩ የቱ ጋ ነው የሚይዘው?» ብለው ጀመሩ። የነገር መግቢያ መስሎኝ ነበር።

«ጆሮውና ፊቱ ላይ። ፒክቸር ላሳይዎት?» አለች ቤዛ፣ ላፕቶፗን እየከፈተች።

«ጠጥታ ጠጥታ የምታብጠው ሴቷ ናት አይደል?»

«ኤግዛክትሊ!»

አለቀ። እኔም የአባቴን ላሞች አነሣሁ፤ ከላም ወደ በግ፣ ከበግ ወደ ውሻ ተሻገርን። እትዬ ዘርፌ ቢያስሉ ቢያስሉ የሰማቸው የለም። በመጨረሻ ጋሽ ደምሴ የመጡበት ትዝ አላቸው።

«እናትሽስ?» አሉ።

የቤዛ ዓይን እንባ ሞላ። «እማዬ ደስ ካላላት ካንስል አደርገዋለሁ። ግን በጣም የፈለግኩት ነገር ነው።»

ጋሽ ደምሴ እናቲቱን አዩ፤ ልጂቱን አዩ፤ ከዚያ ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉ። ሽማግሌ ሊመርቅ ሲነሣ ተቀምጦ የሚቀር የለምና ሁላችንም ቆምን።

«እናትሽን በጤና ያቆይልሽ!»

«አሜን!»

«መንገድሽን ያቅናልሽ!»

«አሜን!»

«መዥገሩንም ያብዛልሽ!»

«አሜን!» አሉ እትዬ ዘርፌ፣ ከሁላችንም ጮክ ብለው።

ያሉት ሲገባቸው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ቤዛ ግን አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ ነበር።