እሳቸው አሉ?

በየቤተሰቡ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየሠፈሩ ቢያንስ አንድ እሳቸው አሉ። "በእኛ ቤት እንኳ እንዲህ ያለ ሰው የለም" የሚል ካለ፣ እሳቸው ራሱ ነው።

የእኛ እሳቸው ታፔላ ጸሐፊ ናቸው። ስማቸውን የሚያውቅ ሞልቷል፤ በስማቸው የሚጠራቸው ግን የለም። መጠሪያቸውን ያገኙት ከራሳቸው አፍ ነው። ሰው ስለራሱ ሲያወራ "እኔ" ይላል፤ እሳቸው "እሳቸው" ይላሉ። "እሳቸው ዛሬ ምሳ አልበሉም።" "እሳቸው ይህን አረንጓዴ አይወዱትም።" አዲስ ደንበኛ ከሆነ፣ ከጀርባቸው ሌላ ሽማግሌ ተቀምጦ እንደሆነ አንገቱን አስግጎ ይፈልጋል።

ስልክ ሲደወልላቸው ደግሞ እንዲህ ነው።

"ሄሎ፣ እሳቸው አሉ?"

"አሉ። ማን ልበልላቸው?"

ደዋዩ ማንነቱን ይናገራል። እሳቸው ስልኩን ከቀኝ እጅ ወደ ግራ ያዛውራሉ፣ ጉሮሯቸውን ይጠራርጋሉ፣ ድምፃቸውን ወፈር ያደርጉና፣ "አቤት!"

ይህን ሁሉ በቅርብ የምታየው አብራቸው የምትሠራው የእህታቸው ልጅ ናት። በሥራ ቤቱ ስሟ "ብሩሽ" ነው፤ ያወጡላትም እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ "ብሩሼ" ሲሏት ደስ ይላት ነበር። ብሩሽ እንደማይመሰገን፣ ታጥቦ ብቻ እንደሚሰቀል የገባት ቆይቶ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ቆርቆሮ ስትፍቅ፣ ስትለካ፣ ስትነድፍ፣ ስትቀባ ኖራለች። እሳቸው ሥራው ሲያልቅ ይመጡና ራቅ ብለው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዩታል። ከዚያ ጥጉ ላይ ይፈርማሉ። አንድ እግሩ አጭር የሆነ የእንጨት መሰላል አላቸው፤ ብሩሽ ላዩ ላይ ስትንገዳገድ "እባክዎ ያዙልኝ" ብትል መልሱ የታወቀ ነው። "እሳቸው መሰላል አይዙም።"

ብሩሽ ግን ፊደል ትወዳለች፤ ስምንት ዓመት ጽፋቸውም ገና ይደንቋታል። ለ ሁለት እግሩን ከፍቶ የቆመ መሰላል ይመስላታል። ረ ደግሞ ሰው ፊት አንገቱን የደፋ ልጅ።

ስለ እሳቸው የሚወራውን ብንዘረዝረው መሽቶ ይነጋል። አንድ ጫማ ሰፊ ታፔላ አሠርቶ፣ ፊርማው ከጫማው ሥዕል ስለበለጠ ሰዉ ሱቁን የፊርማ ትምህርት ቤት እየመሰለው ዓመት ሙሉ አልፎት ሄደ። ሰውየው ለአቤቱታ ሲመጣ፣

"እሳቸው ባይኖሩ ይህ ሱቅ ይታወቅ ነበር?" አሉት።

"አልታወቀም'ኮ ነው የምልዎ!"

"አየህ፤ እሳቸው ባይኖሩ ደግሞ ከዚህም ይብስ ነበር።"

ትርፍ አንጀቱን ያስወጣ ጎረቤት ሊጠይቁ ሄደው ስለ ጥርሳቸው ሕመም አንድ ሰዓት አወሩ፤ ሲወጡ "እግዜር ይማርዎ" ያላቸው ታማሚው ነው። ያልደረቀ ቀለማቸውን ዝናብ ቢመታው "ቀንቶ ነው" ይላሉ። ማን? ደመናው። ይቅርታም አንድ ጊዜ ጠይቀዋል ይባላል። ብሩሽ ሦስት ቀን የደከመችበትን ንድፍ "የእሳቸው ሐሳብ ነው" ብለው ለደንበኛ ሲያስረክቡባት አኮረፈች። እሳቸውም አዘኑላትና፣ "እሳቸው ቅር እንዳይልሽ ፈቅደዋል" አሏት።

አንድ ጠዋት ታዲያ ወደ ሥራ ስትመጣ ከመድኃኒት ቤቱ ማዶ ቆመው አየቻቸው። ከመድኃኒት ቤቱ በር በላይ፣ ከአሥር ዓመት በፊት የጻፉት ታፔላ ተሰቅሏል። እሳቸው የሚያዩት ግን ታፔላውን አልነበረም። ቀና ብሎ የሚያየው ሰው ይኖር እንደሆነ መንገደኛውን ነበር የሚጠብቁት። ሰው ያልፋል፤ ማንም ቀና አይልም። ብሩሽም ከዛፍ ጀርባ ቆማ አብራ ጠበቀች። በመጨረሻ አንዲት አሮጊት ቆም ብለው ወደ ላይ አንጋጠጡ፤ ዝናብ ይመጣ እንደሆነ ደመናውን ሊያዩ። እሳቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው ከማዶ እጅ ነሷቸው።

ብሩሽ ልትስቅ ነበር። ሳትስቅ በሌላ መንገድ ዞራ ሄደች።

አብራት የተማረች የአእምሮ ሐኪም ጓደኛ አለቻት፤ ሄዳ ነገረቻት።

"ይህ ነገር ስም የለውም?"

"ስምማ አለው። ናርሲሲስቲክ የሚባል፣ ራስን ከልክ በላይ የማግዘፍ የስብዕና መዛባት አለ። ግን ያልመረመርኩትን ሰው በበሽታ ስም አልጠራም።"

"ሰው እንዴት ራሱን እንዲህ ይወዳል?"

"ማነው ይወዳል ያለሽ? ራሱን የሚወድ ሰው ውደዱኝ እያለ ከቤት ቤት ይዞራል? ቂጡ የተቀደደ ባልዲ አስቢ። ቀን ከሌት ቧንቧ ሥር የሚያድረው ውሃ ስለሚወድ አይደለም፤ ስለማይቆይለት ነው።"

"እና ምን ላድርግ?"

"እዘኝላቸው። ግን ቀዳዳውን በራስሽ አትድፈኚው።"

ባልዲው መቼ እንደተቀደደ የነገረቻት ደግሞ እናቷ ናት። እሳቸውን በዚህ ዓለም "አንተ" የምትል እሷ ብቻ ናት፤ ታላቅ እህታቸው ናትና። "አንተ!" ስትል ግን የእሳቸው ጆሮ አይሰማም።

"አባታችን ስሙን ጠርቶት አያውቅም" አለች እናቷ። "'ይሄ' ነበር የሚለው። ይሄ የት ሄደ? ይሄ በልቷል? ሰባት ዓመቱ ላይ መጻፍ ሲጀምር አባባን ደስ ላሰኝ ብሎ በከሰል ግድግዳው ላይ 'አባቴ አንበሳ ነው' ሊል..."

"ሊል?"

"'አባቴ አንበጣ ነው' ብሎ ጻፈ።"

ብሩሽ ፈነዳች። እናቷም ሳቀች፤ ወዲያው ግን ሳቋን ዋጠችው።

"ያኔም እንዲሁ ነው የሳቅነው። ቤቱ እንግዳ ሞልቶበታል። አባባ መሃል ላይ አቆመውና 'እስቲ ይሄ የጻፈውን አንብቡ' አለ። አንድ በአንድ እየተነሱ አነበቡ። በማግሥቱ ለቁርስ ስንጠራው በሩ ላይ ቆሞ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ 'እሳቸው አልራባቸውም' አለን።"

"ምን አላችሁት?"

"'እንግዲያስ ይተዉታ!' ብለን እንደገና ሳቅን። ከዚያ ወዲህ 'እኔ' ሲል ሰምቼው አላውቅም።"

በዚህ መሃል የአዋላጇ ሥራ መጣ። ሃያ ዓመት ተቀጥራ ስትሠራ የኖረች አዋላጅ የራሷን ቤት ልትከፍት ነው። ከበሩ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ "ዘመናዊ የእናቶች ማዋለጃ" ተብሎ ይጻፍልኝ አለች። ብሩሽ እንደዚህ ሥራ የለፋችበት የለም። ፊደሎቹን ክብ ክብ አደረገቻቸው፤ እርጉዝ ፊደል ታይቶ የሚያውቅ ከሆነ ያ ነው። ሁለቱን ቃላት ቀብታ ጨረሰች፤ ሦስተኛው በእርሳስ ተነድፎ ቀለም ይጠብቃል። ከሥራ ቤታቸው ፊት ለፊት የተከፈተው ማተሚያ ቤት "ነይ ከእኛ ጋር ሥሪ" ካላት ሰንብቷል። በመጨረሻው ቀን ጠዋት፣ ግድግዳው ሥር፣ ልቧን ሞላችና፣

"ይህ ሥራ ከንድፉ እስከ ቀለሙ የእኔ ነው" አለቻቸው። "ጥጉ ላይ ስሜን እጽፋለሁ። ካልሆነ ከነገ ጀምሮ ማተሚያ ቤት ነኝ።"

"ብሩሽ ይፈርማል እንዴ?"

"ብሩሽ ይሄዳል።"

እሳቸው ወደ ቀለሙ ጎንበስ አሉ። ቀለሙን በዘንግ ሲያማስሉ ቆዩና፣ "ወፍሯል፤ ማቅጠኛ ያስፈልገዋል። ሂጂ አኳራጅ ገዝተሽ ነይ" አሉ። ፊታቸውን አላዞሩም።

የቤቱ ዘበኛ ኋላ እንደነገራት፣ ገና ጥጉን ሳትታጠፍ "እሳቸው በእርሳስ አይመሩም" ብለው ንድፏን በእርጥብ ጨርቅ ጠረጉት። ከዚያ መሰላሉ ላይ ወጡ።

የአኳራጁን ቆርቆሮ ይዛ ስትመለስ ሳቁን ከሩቅ ሰማችው። መንገዱ በሰው ተዘግቷል። ከሰዉ ራስ በላይ፣ ባማረ ደማቅ ቀለም፣ እንዲህ ይላል፦ ዘመናዊ የእናቶች ማዋረጃ።

"ለመዋረድማ ቤቴ መች አነሰኝ!" አለች ሆዷ የገፋ አንዲት ሴት፤ ሰዉ እንደገና አውካካ።

አዋላጇ ወገቧን ይዛ ወጣች። "ጌታዬ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ እናቶችን ሳዋልድ ነው የኖርኩት። ማዋረድ ግን ዛሬ መጀመሬ ነው!"

ሌላ ቀን ቢሆን እሳቸው "ጥንት ለና ረ አንድ ነበሩ" ይሉ ነበር። ሌላ ቀን ደመናውን ይከሱ ነበር። አሁን ከመሰላሉ ወርደው ቆመዋል፤ ከያዙት ብሩሽ ቀለሙ ጫማቸው ላይ ይንጠባጠባል። ዓይናቸው ከሰው ሰው ሲንከራተት ቆይቶ ብሩሽ ላይ አረፈ።

"እሳቸው አይደሉም" አሉ። "እሷ ናት የጻፈችው። የእህታቸው ልጅ።"

ስምንት ዓመት ሙሉ አንድም ሥራ የእሷ ነው ብለው አያውቁም። የመጀመሪያው ይኸው ሆነ።

የብሩሽ ደም ፈላ። ያልተከፈተ ቆርቆሮ እጇ ላይ አለ፤ "ከሱቅ መምጣቴ ነው" ብትል መንገዱ ሁሉ ምስክሯ ነው። አፏን ልትከፍት የጠቆሙባትን ጣት አየችው። ይንቀጠቀጣል። ጣቱ የሽማግሌ ነው፤ መንቀጥቀጡ ግን የሰባት ዓመት ልጅ። እስቲ ይሄ የጻፈውን አንብቡ። ከዚያ ደግሞ የጓደኛዋ ቃል ትዝ አላት፤ በራስሽ አትድፈኚው።

"አዎ" አለች ጮክ ብላ። "የእኔ ሥራ ነው። ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው። አሁን አስተካክለውና እፈርምበታለሁ።" ወደ እሳቸው ዞረች። "እንዳሉት ነው፣ አይደል?"

እሳቸው አፋቸውን ከፈቱ። "አይደለም" ቢሉ ስህተቱ የእሳቸው ነው፤ "ነው" ቢሉ ፊርማው የእሷ። አፋቸውን ገጠሙ። እንደገና ከፈቱ።

"...ነው።"

አዋላጇ አንዴ እሷን አንዴ እሳቸውን አየች። ስንቱ ሲያምጥ ያየች ሴት ናት፤ ገባት። "በይ እንግዲህ መሰላሉ ላይ ውጪ" አለቻት ብሩሽን፣ "በደህና ያገላግልሽ!"

ብሩሽ ቆርቆሮውን ከፈተች፣ ጨርቅ ነከረች፣ ወጣች። መሰላሉ በዚያች አጭር እግሩ ተንገጫገጨ። አንገቱን የደፋውን ረ መጥረግ ስትጀምር መንገጫገጩ ቆመ። ወደ ታች አየች። እሳቸው መሰላሉን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ በደረታቸው ተደግፈውታል። የኮት ኪሳቸው ውስጥ ስልክ ይጮኻል።

"ስልክዎ እየጮኸ ነው።"

"ይጩኽ" አሉ። "ይዤሻለሁ።"

የብሩሽ እጅ አየር ላይ ቀረ። "ይዘውሻል" አይደለም ያሉት። ቃሉ ውስጥ አንዲት ትንሽ "እኔ" ተሸሽጋ፣ ከስንት ዘመን በኋላ ሾልካ ወጣች፤ እሳቸውም የሰሙዋት አይመስልም። ብሩሽ ብትናገር ያቺ "እኔ" እንደ ወፍ የምትበር መሰላት። ለን ጻፈች፣ ሁለት እግሩን በደንብ ከፍታ። ሌላ ጊዜ በአንድ ደቂቃ የምትጨርሰውን ፊደል ሩብ ሰዓት ፈጀችበት፤ ወርዳ መሬት ስትረግጥ እሳቸው ተመልሰው እሳቸው እንደሚሆኑ ታውቃለችና። ከዚያ ጥጉ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣ ስሟን አኖረች።

ከታች ጉሮሮ ሲጠራረግ ተሰማ።

"ምነው እንዲህ አነሰ? እሳቸው ያስተማሯት ልጅ ስም ነው'ኮ! ተለቅ አድርጊው እንጂ፣ ከማዶ አይነበብም!"

ተለቅ አደረገችው።