የጀማነሽ ስብርባሪ ክራዮንና የእኔ ሦስተኛ ፎቅ

በአዲስ አበባ ምንም ነገር የማይጥል ሰው የሌለበት ግቢ የለም። አለ ካላችሁኝ፣ ያ ግቢ ገና ሰው አልገባበትም። ይህ ሰው ክዳኑ የጠፋ ቴርሞስ፣ ቴርሞሱ የጠፋ ክዳን፣ ጓደኛዋ የሞተችባት ካልሲና የተቃጠለ አምፖል በክብር ያስቀምጣል። ለምን ብላችሁ ብትጠይቁት በሐዘኔታ ያያችኋል።

ለካዛንቺሱ ግቢያችን የደረሰችው ክብርት ወይዘሮ ጀማነሽ ናት፦ ጡረታ የወጣች የሕፃናት አስተማሪ፣ የስብርባሪ ሁሉ ባላደራ፣ የቆርኪና የሰርዲን ጣሳ የበላይ ጠባቂ። አንድ የጭቃ ግድግዳ ተጋርተን ግማሽ ዕድሜ ኖረናል። ልጥል የያዝኩትን ነገር ከእጄ ሳትነጥቀኝ ያለፈ ሳምንት ትዝ አይለኝም። "ይተዉት ጋሽ አምኃ፣ ለአንድ ነገር ይሆናል" ትለኛለች። አንዱ ነገር ምን እንደሆነ ግን ተናግራ አታውቅም። እኔ ፍልስፍና ተምሬ፣ ፍልስፍና አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ የጸና እምነት በመጻሕፍት እንጂ በሰው ላይ አላየሁም።

ከሁሉ አብልጣ የምትሰበስበው የተሰበረ ክራዮን ነው። ሌላው አስተማሪ ጡረታ ሲወጣ የግድግዳ ሰዓትና የምስጋና ወረቀት ይዞ ይሄዳል። እሷ ይዛ የወጣችው ልጆች የሰባበሩትን ክራዮን አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ነው። አንዳንዴ ከውስጡ የተነከሰ አንዱን ታወጣና ወደ ብርሃን ታስጠጋዋለች። "ይሄ የዮአብ ጥርስ ነው" ትላለች። ዮአብ አሁን የባንክ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ጥርሱ እኛ ግቢ መሆኑን አያውቅም።

ቅዳሜ ከሰዓት የግቢው ልጆች በሯ ላይ ይሰለፋሉ። ክራዮኑ ለብ ባለ ውኃ ይነከርና ወረቀቱ ይላጣል። በየቀለሙ ተለይቶ በሰርዲን ጣሳ ይገባል፤ ጣሳው በፈላ ውኃ ላይ ይቀመጣል። ከሰሉ አጠገብ የምትደርሰው እሷ ብቻ ናት። የቀለጠውን በለስላሳ ቆርኪ ትሞላዋለች፤ ሲረጋ ዙሪያው ጥርስ ያለው ክብ ክራዮን ይሆናል። ግማሹ ቀይ ግማሹ ቢጫ፣ አንዳንዱም ስም ያልወጣለት ቀለም። ልጆቹ "ብስኩት" ይሉታል። የእንቁጣጣሽ ሥዕላቸው ሁሉ በእሱ ይሠራል።

አንድ ቅዳሜ እኔም ቀረብ ብዬ፣ "ጀማነሽ፣ አንድ ነገር ቅርጹ ሲጠፋ ያው ነገር ነው ወይስ ሌላ ሆኗል? ይህ እኮ ሊቃውንት የተጨቃጨቁበት ጉዳይ ነው" አልኳት።

"እስቲ ይቺን ሰማያዊ ይላጡልኝ ጋሽ አምኃ፤ ጥፍር ያለው ሰው ጠፋ።"

ላጥኩላት። እየላጥኩ ሳለሁ አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ ከዚያ ሁሉ ክራዮን መሀል ያልተሰበረው ነጩ ብቻ ነው። ማንም ስለማይነካው ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር በቤተ መጻሕፍት ያሳለፍኩት ወጣትነቴ ትዝ ይለኛል።

ያደረሰችብኝ ጉዳት ግን ቀላል አልነበረም። የቀለጠው ክራዮን ሰም ሽታ ጋቢዬ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ይባስ ብሎ አንድ ቀን የልጅ ልጄ ሩቲ ከሠራቻቸው ብስኩቶች ሁለቱን በረንዳ ላይ ካለው ወንበሬ ላይ ረስታቸው፣ ፀሐይ አለስልሷቸው ተቀመጥኩባቸው። ሳላውቅ ቡልጋሪያ ሰፈር ለቅሶ ሄድኩ። ከድንኳኑ ስወጣ ጎረቤቴ ተከስተ፣ ያ ሚኒባስ የሚነዳው፣ ጆሮዬ ሥር መጥቶ፣ "ጋሽ አምኃ፣ ከፊት ለቅሶ ነዎት፣ ከኋላ ግን እንቁጣጣሽ ሆነዋል" አለኝ።

ስለዚህ ሰፈራችን ይነሣል ሲባል፣ ጎተራ በኩል ኮንዶሚኒየም ተሰጥቷችኋል ሲባል፣ ሰዉ ሁሉ ሲተክዝ እኔ ለሁሉም የምለው አንድ ነበር፦ "ምድር ቤትና ዝምታ ብቻ ይድረሰኝ።" ምድር ቤት ለጉልበቴ ነው። ዝምታው ለምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ብሎኮቹ የተራራቁ ናቸው፤ ቤቱም በዕጣ ነው፤ ዕጣውን የሚያዘጋጀው ዕድራችን ነው።

"እትዬ ጀማነሽስ የት ትሄዳለች?" አለችኝ ሩቲ። ለሰው ሁሉ አንቱ የምትል ልጅ ናት፤ ለእኔና ለጀማነሽ ሲሆን ግን አንቱታዋ ይጠፋል።

"ዕጣዋ ወደ መራት።"

"ቅዳሜስ?"

ሩቲ አኮረፈችኝ። እኔም ከዚያ በኋላ ግድግዳውን እያየሁ መቀመጥ አበዛሁ። ከግድግዳው ወዲያ ጣሳ ይንኳኳል፣ ጀማነሽ ልጆችን ታስቃለች። ይህ ድምፅ ሲጠፋ የማገኘው ዝምታ ያ የተመኘሁት ዝምታ ስለመሆኑ እርግጠኛ አልነበርኩም።

ዕጣው ሲቃረብ ጠብ ተነሣ። "የተጠቀለለ ወረቀት በጣት ይነበባል፤ አንዱ ይወፍራል አንዱ ይቀጥናል" አለ ተከስተ። የዕድራችን ዳኛ አቶ ኃይለማርያም ክብራቸው ተነካ። ስብሰባው ሊበተን ሲል ከወደ ኋላ ድምፅ መጣ።

"ሰም ውስጥ ብናሽገውስ?"

ጀማነሽ ነበረች። አንዱ ነገር በመጨረሻ መጣ።

ቀለሙ እንዳይለይ ያላት ሁሉ በአንድ ድስት ቀለጠ፤ ቀይ ከሰማያዊ፣ ቢጫ ከአረንጓዴ ተዋህዶ የጭቃ መልክ ያዘ። አቶ ኃይለማርያም ለግልጽነት ሲሉ እያንዳንዱን ወረቀት ጮክ ብለው፣ "ይህ ብሎክ፣ ይህ ፎቅ፣ ይህ በር" እያሉ አነበቡና ሰሙ ሊረጋ ሲል በየቆርኪው ከተቱት። ዓይናቸውን ከጀማነሽ እጅ ላይ አልነቀሉም። ወረቀቱን በማንኪያ ጀርባ ጫን ጫን እያደረገች የምታሽገው ግን ሩቲ ነበረች። ሁለተኛ ክፍል ያለችን ልጅ ማን ይጠብቃል?

በነጋታው ዕጣው ወጣ። በእኛ ዘንድ ዕጣ የሚያወጣው ሕፃን ነው፤ ልቡ ንጹሕ ነው፣ አያዳላም ይባላል። እናም በሙሉ ድምፅ ሩቲ ተመረጠች። ያሸገችውም እሷ መሆኗን ያስታወሰ ሰው አልነበረም።

ተከስተ ተጠራ፤ ምድር ቤት ደረሰው። ጀማነሽ ተጠራች። ሩቲ እጇን ዕጣዎቹ ካሉበት ከረጢት ውስጥ ከታ እንደ መፈለግ አለች፤ አወጣች፤ አቶ ኃይለማርያም ሰበሩት። "ሦስተኛ ፎቅ።" ከዚያ የእኔ ስም። ጉልበቴ ምድር ቤት ይለምን ነበር። የቀረው አካሌ ምን ይለምን እንደነበር በጊዜው አልጠየቅኩትም።

"ያው ብሎክ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከወይዘሮ ጀማነሽ ጎን" አሉ አቶ ኃይለማርያም።

አንድ ሰው በረጅሙ ተነፈሰ። ማን ነው ብዬ ዞር ዞር ስል እኔው ነበርኩ።

ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የተሰበረ ሰም አየሁ። የሌላው ሰው ሁሉ በማንኪያ የተደለደለ፣ ለጥ ያለ ነው። የጀማነሽና የእኔ ግን መሀላቸው ጎድጎድ ያለ ነው፤ በአንዲት ትንሽ አውራ ጣት ልክ። ቀና ብዬ ሩቲን አየኋት። የጫማዋን ማሰሪያ እየመረመረች ነበር።

"ጋሽ አምኃ" አለ ተከስተ፣ "በዚህ ጉልበት ሦስተኛ ፎቅ? በቃ እንቀያየር። እኔ ጎረምሳ ነኝ፣ ምድሩን እርስዎ ይውሰዱ።" ሰዉ መረቀው። አቶ ኃይለማርያም፣ "ከተስማማችሁ ይቻላል" አሉ። ጀማነሽ የተሰበረውን ሰም ወደ ሽርጧ እየለቀመች ነበር፤ እጇ ቆመ። ቀና አላለችም፤ ግን መልቀሟን አቁማ ትጠብቅ ነበር።

ተነሣሁና ጋቢዬን አስተካከልኩ። "ወንድሜ ተከስተ፣ እግዜር ይስጥልኝ" አልኩ። "ግን ዕድሜዬን ሙሉ ስለ ፍትሕ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ንጹሕ ሕፃን ያወጣችውን ዕጣ ለጉልበቴ ስል አላፈርስም።"

ተጨበጨበልኝ። አቶ ኃይለማርያም፣ "እንዲህ ያለ ሰው አሁን የት ይገኛል" አሉ። አላፈርኩም። የተጭበረበርኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ የተጭበረበረ ሰው ደግሞ አልከስም ማለት መብቱ ነው። ጀማነሽም መልቀሟን ቀጠለች፤ ከመጀመሪያው ይልቅ ፈጠን ብላ።

ወደ ቤት ስንገባ ሩቲ እጄን ያዘችኝ።

"አባባ፣ አውቀሃል አይደል?"

"ምኑን?"

"በቃ ተወው።"

ትንሽ ሄደን እኔ ጠየቅኳት። "ምድር ቤትስ ጎን ለጎን የሆኑ ሁለት ቤቶች አልነበሩም?"

"ነበሩ። ግን በረንዳ የላቸውም። እትዬ ጀማነሽ ጣሳዋን የት ታሰጣለች?"

እውነቷን ነው። ስለ ጉልበቴ ግን ያሰበልኝ አልነበረም።

አሁን ጎተራ ነን። ግድግዳው ሲሚንቶ ስለሆነ ድምፅ እንደ ድሮው አያሳልፍም፤ ስለዚህ ጀማነሽ በረንዳ ለበረንዳ ትጣራለች። ያ ጭቃ መልክ ያለው ዕጣችን ተመልሶ ቀልጧል፤ በዘንድሮው የእንቁጣጣሽ ሥዕሎች ላይ ያለው የዛፍ ግንድ ሁሉ እሱ ነው። እሑድ ቂርቆስ ተሳልሜ ስመለስ በየደረጃው ማረፊያ ቆም እላለሁ። የሚያየኝ ሰው ደከመው ብሎ ያዝናል። እኔ ግን እያሰብኩ ነው፤ ቢያንስ እንደዚያ እላቸዋለሁ።

ትናንትም ደረጃው ሥር ስደርስ ከላይ ድምፅ መጣ።

"ጋሽ አምኃ፣ እግርዎ ሥር ቆርኪ ትታየኛለች።"

"ዝጋለች እኮ።"

"ይያዟት።"

ጎንበስ አልኩ። ጉልበቴ አጉረመረመ፤ ሰማሁት፣ አለፍኩት። ቆርኪዋን አንሥቼ ኮቴ ኪስ ውስጥ ስከታት ቀድሞ ካለችው ቆርኪ ጋር ተጋጭታ ተንኳኳች። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ መንገድ ላይ ያነሣኋትን ረስቻት ነበር።