ክብርት ወይዘሮ ፈትያና የጽሑፍ እቅፋቸው

ከላምበረት እስከ ገርጂ፣ የቴሌግራም ግሩፕ ያለው ኮንዶሚኒየም ሁሉ ሰውን በጽሑፍ የሚያቅፍ አንድ ነዋሪ አለው። ከሌለው ገና ሰው አልገባበትም ማለት ነው።

የእኛ ሕንፃ ዕድለኛ ነው፤ ክብርት ወይዘሮ ፈትያ አሉን። ሾላ ገበያ በርበሬና ኮረሪማ የሚሸጡ የወሎ ሰው ናቸው። በበርበሬ በቀላ ጣታቸው ከእኛ ከቢሮ ሰዎች ሁሉ ፈጥነው ይጽፋሉ። ናኦሚ የምትባል ጎረቤታችን "ዛሬም ውሃ የለም እንዴ?" ስትል፣ እሳቸው "አብሽሪ የኔ ዓለም! ነይ እቅፍ! ጉንጭሽን ሳም ሳም!" ይላሉ። ውሃው አይመጣም፤ ናኦሚ ግን ትረጋጋለች። ለወንድ ሥርዓታቸው ሌላ ነው፤ ትከሻ ብቻ። መኪናዬ ተገጭታ ፎቶዋን ስለጥፍ "አብሽር ወንድሜ፣ ትከሻህን መታ መታ!" አሉኝ። ሳቅኩባቸው። ቆይቼ ግን ትከሻዬ ቀለል ብሎኝ አገኘሁት፤ እንዴት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

በአካል ስታገኟቸው ደግሞ ሌላ ሰው ናቸው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ ጣል አድርገው፣ በለሆሳስ "ደህና ዋላችሁ" ብለው፣ የደረጃውን ግድግዳ ተጠግተው ያልፋሉ።

ነገሩ ያልተዋጠላቸው የኮሚቴያችን ሊቀ መንበር አቶ ዘርአጽዮን ነበሩ፤ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ አለም ጋር ሁለት ብቻ ሆነው የሚኖሩ ጡረተኛ። አንድ ቀን "ይህ ግሩፕ የተከፈተው ለውሃ፣ ለጥበቃና ለጽዳት ነው። መተቃቀፍ የሚፈልግ በግሉ ይተቃቀፍ" ብለው ጻፉ። ወይዘሮ ፈትያ ብቻ መለሱ፦ "እሺ አባባ፣ ልክ ነዎት። ትከሻዎን መታ መታ!"

ባለፈው ወር ወይዘሮ አለም ለልብ ቀዶ ሕክምና ገቡ። እኛ በሽተኛ የምንጠይቀው ኮሪደር ሞልተን ነው፤ ሆስፒታሉ ግን ከአንድ አስታማሚ በላይ አላስገባም ብሎ ከበር መለሰን። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል፤ ያን ቀን የቅርቦቹ ሁሉ ሩቅ ሆንን። እኩለ ቀን ላይ አቶ ዘርአጽዮን ግሩፑ ላይ ጻፉ፦ "ከቀዶ ሕክምና ክፍል ትወጣለች የተባለው ሰዓት አልፏል። የሚነግረኝ ሰው የለም።"

እኔ ጽፌ አጠፋሁ፤ ደግሜ ጽፌ አጠፋሁ።

ወይዘሮ ፈትያ ከሾላ ጻፉ፦ "አባባ፣ እንደ ልጅዎ ይቁጠሩኝ። ከጎንዎ ተቀምጫለሁ። እጅዎን ይዣለሁ።" ለደንበኛ ሳይመዝኑ አልቀሩም፣ ትንሽ ዘገዩ። ከዚያ "አልሄድኩም" አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ "እጅዎ ቀዝቅዟል፤ በሁለት እጄ ያዝኩት።"

ሁላችንም በየቢሯችንና በየታክሲው እናነባለን። እኚያ መተቃቀፍ የከለከሉ ሊቀ መንበር መለሱ፦ "አትልቀቂኝ ልጄ።"

አልለቀቋቸውም። በርበሬ የምትሸጥ ሴት ከሾላ ሆና የሆስፒታል ወንበር ላይ የተቀመጠ ሽማግሌን እጅ ስታሞቅ በዓይኔ አየሁ። ቢነግሩኝ አላምንም ነበር።

አመሻሹ ላይ "ነቃች። ስሜን ጠራችኝ" የሚል መልእክት መጣ። ግሩፑ በእልልታ ተናወጠ። እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ "ወይዘሮ ፈትያ፣ እንወድዎታለን" ብዬ ጻፍኩ። አልመለሱልኝም፤ ሥራ ላይ ነበሩ።

"አልሐምዱሊላህ" ብለው ለአቶ ዘርአጽዮን ይጽፉ ነበር። "በሉ አባባ፣ አሁን እጅዎን ለቅቄያለሁ። የእሳቸውን ይያዙበት።"