የሚካኤል ማኅበራችንና የደረቀው ጋን

ሰው ሲሾም መጀመሪያ የሚጠፋበት ጆሮው ነው። ማን አለ? እኔ አልሁ። ውሸት ነው የሚለኝ ካለ ይምጣ፤ የፈለገውን ያህል አለቃ አሳየዋለሁ።

የሚካኤል ማኅበራችን መሪ፣ ሙሴያችን አያ ውበቱ፣ ከዚህ ደዌ የዳኑ ነበሩ። አንዲት ነገር ለመወሰን በራፉ ላይ ከተቀመጠው ሰው ጀምረው፣ ጓዳ ያሉትን ሴቶች ሳይቀር ይጠይቃሉ። እግራችን ይደነዝዛል፣ እሳቸው ይጠይቃሉ። በሆዴ ስንቴ አምቻቸዋለሁ መሰላችሁ፤ ነፍሳቸውን ይማር።

ንጉሡ ደብረ ታቦር በከተሙ ጊዜ ግን ጉዱ በእኔ መጣ። ተራዬ ደርሶ ጠላው በጋን ተሞልቷል። በዋዜማው ቤቴ እንዲያድሩ የተመሩ ወታደሮች ገቡና፣ ከዘመቻ የተረፈ ጉሮሮ ምን እንደሚችል አሳዩኝ። ሲነጋ ጋኑን ባንኳኳው እንደ ከበሮ ጮኸ። ሞሰቡም ባዶ። በደንባችን ደግሞ ተራውን ያልደገሰ ከማኅበሩ ይወጣል። የወጣ ሰው ሲታመም ማን ይጠይቀዋል? ሲሞትስ ማን ይሸከመዋል? ሚስቴ ጓዳ ገብታ አለቀሰች፤ እኔ ወንድ ነኝና ጋጣ ገብቼ አለቀስሁ።

ማኅበርተኛው ሲሰበሰብ ሽማግሌዎቹ ደንብ ደንብ ነው አሉ። አያ ውበቱ እንደ ልማዳቸው ከበራፉ ጀመሩ። ተራው ስንዱ ዘንድ ደረሰ፤ ከእብናት ተድራ የመጣች፣ ገና ዓመት ያልሞላት ሙሽራ ናት። በአገሯ ዝናብ ሲቀር ተረኛው ብቻውን እንደማይደግስ፣ ሁሉም ከየቤቱ ያለውን ይዞ እንደሚመጣ ነገረችን። «ሽምብራም ይሁን ውሃ» አለች፤ «ሚካኤል እኮ ጠላ ሊቀምስ አይመጣም።»

አንድ ሽማግሌ፣ ደንብ የምታወጣልን ሙሽራ ሆነች ወይ ብለው አጉረመረሙ።

«የአንቱም ተራ ይደርሳል» አሉ አያ ውበቱ፤ «አሁን የሷ ነው።»

ያን ለት ማኅበሩ በሽምብራ ቆሎና በምንጭ ውሃ ተጠጣ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ሎሚው እኔ መሆኔን ግን ያን ለት ነው ያወቅሁት።

ወታደሩ በየዓመቱ ተመላለሰ፤ እኛም በአዲሱ ደንብ ዘለቅን። የወንዝ ማዶው ማኅበር ግን፣ ሙሴው «እኔ ካልሁ አለቀ» የሚሉ ነበሩና፣ በእውነትም አለቀ። አባሎቹ አንድ አንድ እያሉ ወደ እኛ መጡ፤ በመጨረሻ ሙሴው ራሳቸው መጥተው በራፉ ላይ ተቀመጡ። አያ ውበቱ፣ አንቱስ ምን ይላሉ ብለው ጠየቋቸው።

ሰውዬው እንዲህ ተጠይቀው አያውቁም መሰለኝ፣ ዐይናቸው እንባ አቀረረ። ከዚያማ ጀመሩ። ቄሱ አንቀላፉ፣ ፀሐይዋ ወደ ጣና ወረደች፣ እሳቸው ገና የንግግራቸው መግቢያ ላይ ነበሩ።

በሚቀጥለው ሚካኤል ሁላችንም ተጠየቅንና ደንባችን ዳግመኛ ተሻሻለ፤ ዳቦው ከንግግር በፊት ይቆረስ ተባለ። የማዶው ሙሴም በደስታ ተስማሙ። ባለፈው በባዶ ሆድ እንደ ልብ መናገር አልቻልሁም ነበር አሉን።