ዳገት ላይ የሚጀምር ታሪክ

ታሪክ የሚያውቅ ሯጭ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አንድ አለኝ። አብዲ ይባላል፤ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ በር ለበር የምንኖር ጎረቤቴ ነው። እሁድ እሁድ፣ የድሬ ሙቀት ሳይበረታ፣ አብረን ወደ ተራሮቹ እንሮጣለን። ሜዳው ላይ አብዲ ትንፍሽ አይልም። ዳገቱ ሲጀምር ግን ታሪኩም ይጀምራል።

«ቁም እስቲ፤ እዚህ ዋሻ ውስጥ እኮ የጥንት ሰዎች የሳሏቸው ከብቶች አሉ» ይላል፣ ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዞ። ትንሽ ከፍ እንዳልን ደግሞ «የድሮው ባቡር ሐዲድ የሚያምረው ከዚህ ሆነው ሲያዩት ነው» ብሎ ይቆማል። ቁልቁለት ላይ ታሪክ የለም እንዴ? እኔ እንጃ። ስንወርድ አንድም ቀን አቁሞኝ አያውቅም።

ባለፈው እሁድ ወተት ወደ ገበያ የሚወስዱ አንዲት እናት፣ ከላይ ሲወርዱ ሰላም ብለውን አለፉ። ወተታቸውን ሸጠው፣ ባዶ ዕቃቸውን ይዘው ሲመለሱ እኛ ገና ሦስተኛው ቅርስ ላይ ነበርን።

«አቦ፣ ምን ጠፍቷችሁ ነው?» አሉን፣ ከልባቸው አዝነው።

«ታሪክ ነው፣ እናቴ» አለ አብዲ።

እሳቸው ሳያርፉ ሽቅብ ቀጠሉ። እኛም እልህ ይዞን ተከተልናቸው። አብዲ አፍሮ ነው መሰለኝ፣ ምንም ሳያወራ ሮጠ። የኔ ትንፋሽ ግን ተቆራረጠ። ዙሪያዬን ብመለከት ዋሻም ሐዲድም የለም፤ ያለው አንድ ተራ ድንጋይ ነው።

«አብዲ፣ ይሄ ድንጋይስ ታሪክ የለውም?» አልኩት።

ዞር ብሎ በፍቅር አየኝ።

«ረጅም ታሪክ አለው» አለ። «ቁጭ በል።»